የአዬ ጣት

በላቦራቶሪ ሥራዬ ስንቱን ጣት ወግቻለሁ፤ እንደ እናቴ ጣት ያስቸገረኝ ግን የለም። እናታችንን አዬ እንላታለን፤ በወላይታቶ እናትን የምንጠራበት ነው። ስኳር ይዟት ኢንሱሊን ከጀመረች ወዲህ በየወሩ ለክትትል ከገሱባ ወደ ሶዶ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ባዶ እጅ መምጣት ነውር ስለሚመስላት፣ መንገዱ እያንገጫገጫት እንኳ ዘንቢል ሙሉ ማንጎ ታቅፋ ከሚኒባስ ትወርዳለች። አትያዢ ብላት አትሰማኝም።

ያን ጊዜም አመሻሽ ላይ ደረሰች። እራት ሳቀርብ «እህቴ ቤት ጎራ ብዬ በልቻለሁ» አለችኝ። የማታ መርፌዋን ተወግታ ተኛች። ጠዋት ስነሳ ልጆቼ ከበዋታል፤ ማንጎ እየላጠች በየተራ ታጎርሳቸዋለች። እሷ አልቀመሰችም፤ በባዶ ሆድ መለካት ላይ ጥንቃቄዋ ከእኔ ይብሳል። ጣቷን በአልኮል ጠርጌ ወጋኋት። ሁለት መቶ ሰማንያ።

ሊጠይቃት የመጣው ታላቅ ወንድሜ አስተማሪ ነው። ኮራጅ ተማሪ የያዘ ይመስል ፊቱ ጠቆረ።

«አዬ፣ ምን በላሽ?»

«ምንም። ያልበላሁትን ልታስተፉኝ ነው?»

ወደ እኔ ዞሮ «መድኃኒቱን ጨምሪላት» አለኝ። መርፌውን አነሳሁ። ክንዷን ልይዝ እጇን ሳቀና ግን ጣቷ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

ደሙን በሚቀበለው ቀጭን ቁራጭ፣ በስትሪፑ ጫፍ ላይ የደረቀ ኢንዛይም አለ። አመለኛ ነገር ነው፤ ደም ውስጥ ካለው ሁሉ ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር መርጦ ይይዝና ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል። መሣሪያው ያቺን ኢምንት ኤሌክትሪክ ለክቶ ቁጥር ያደርጋታል። ላቦራቶሪያችን ውስጥም በደምም ሆነ በጀርባ አጥንት ፈሳሽ ያለውን ስኳር የምንለካው በዚሁ ዓይነት ኢንዛይም ነው፤ እዚያ በቀለም ይነግረናል። እወደዋለሁ፣ ሰነፍ አይደለም። ግን ስኳሩ ከደም ይምጣ ከማንጎ አይጠይቅም። የማንጎን ጭማቂ ደግሞ አልኮል ጠርጎ አይጨርሰውም።

እጇን በሳሙና አሳጥቤ፣ አድርቄ፣ ሌላ ጣት ወጋሁ። ሃምሳ ስምንት፤ ከሰባ በታች ደግሞ አደጋ ነው።

እኔ የደነገጥኩት ገና አሁን ነው። በመጀመሪያው ቁጥር ኢንሱሊን ወግቻት ቢሆን ኖሮ እናቴን በገዛ እጄ እጥላት ነበር። ደግሞስ እራቱን በልቶ ያደረ ሰው ስኳሩ እንዲህ መውረድ የለበትም።

«አዬ፣ ማታ እህትሽ ቤት ምን በላሽ?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «አልገባሁም እዚያ» አለች። «ቁጥሩ ሲበዛ ፊታችሁ ይጠቁርብኛላ። ስመጣ ስመጣ እራቴን እተዋለሁ።»

ሻይ ቀድቼ፣ ስኳር አብዝቼ አማስዬ ሰጠኋት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ አልጠጣችም። መጀመሪያ ወንድሜን፣ ቀጥሎ እኔን አየች።

«ልጠጣው?» አለች።