ታጥቦ የመጣ እግር

ሥራዬ እግር ነው። ሰበታ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ክፍል ነርስ ነኝ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ይመጣሉ፤ እነሱ ወንበር ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ እንቀመጥና እግራቸውን አገላብጬ አያለሁ። ጥፍር እቆርጣለሁ፣ መጅ እልጣለሁ፣ በቀጭን ክር ጣታቸውን እየነካሁ «ይሰማዎታል?» እላለሁ። ብዙዎቹ አይሰማቸውም። የዚህ በሽታ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ጫማው ውስጥ ምስማር ተሰክቶ ቀኑን ሙሉ ሲራመድ የዋለ ሰው አይቻለሁ። የዚህን ሁሉ ሰው እግር ሳይ የአባቴን ግን ስምንት ወር ሙሉ ለምኜ ማየት አቃተኝ። ያናድዳል! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አባቴ የሚኖሩት ቡራዩ ነው፣ ወደ ገፈርሳ መውጫ፣ ከታናሽ እህቴ ጋር። ዕድሜ ልካቸውን ግንበኛ ነበሩ። ስኳር አለብዎት ሲባሉ መድኃኒቱን ያለ ክርክር ጀመሩ፣ ሻዩንም መራራውን ለመዱት፤ እግር ስል ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሰበታ ዶክተር ናት» ብለዋል። እዚያ ሄደው፣ ሰው በተሰለፈበት፣ ልጃቸው ዝቅ ብላ ጥፍር ስትቆርጥ ሊታዩ ነው?

«ድንጋይ ተሸክሜ ያስተማርኩሽ የሰው እግር ሥር እንድትቀመጪ ነው?» አሉኝ አንድ ቀን።

በየእሁዱ ሁለት ታክሲ ይዤ ቡራዩ እሄዳለሁ፤ በየእሁዱ እንጣላለን።

«አባባ፣ ካልሲዎን ያውልቁ።»

«ደህና ነው።»

«ደህና መሆኑን እኔ ልየው እንጂ!»

«ደህና ነው አልኩሽ!»

ከዚያ መጮህ ነው። «እግርዎ ሲቆረጥ እንዳይጠሩኝ!» ብዬ በሩን ወርውሬ የወጣሁበት እሁድ አለ። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» እያልኩ ታክሲ ውስጥ ለብቻዬ ሳጉተመትም አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ያበድኩ መስሏት ይሆናል፤ አልተሳሳተችም።

በመጨረሻ አንድ የዕድር ጓደኛቸው፣ ሰፈሩ ኦቦ እያለ የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ በዚሁ በስኳር ሰበብ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። አባቴ ሊጠይቋቸው ሄዱ። በማግስቱ ደወሉልኝና «ማክሰኞ እመጣለሁ» ብለው ዘጉት። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ሰው ሳይበዛ ላያቸው ብዬ የመጀመሪያውን ተራ ያዝኩላቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለሠርግ የሚያደርጉትን ጥቁር ጫማ አጥልቀው መጡ። ለተሰለፈው ሰው «አካም ቡልተን» ብለው እጅ ነሱና በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ። ክፍሏን የሳሙና ሽታ ሞላት።

«ታጥቤ ነው የመጣሁት፣ ልጄ ቆሻሻ እግር እንዳትይዝ ብዬ» አሉ፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ።

አንጀቴን በሉት። ቀኝ ጫማቸውን አወለቅኩ። ካልሲው ርሷል፤ በደንብ ሳያደርቁት ቀርተው ነው አልኩ። ጎተት ሳደርገው ቆዳው አብሮ መጣ።

እግራቸው ከጣቶቹ እስከ መሃሉ ተልጧል። ተረከዙ ዙሪያውን ውሃ ቋጥሯል። እሳቸው አንገታቸውን አስግገው «ምነው? ምን አገኘሽ?» ይሉኛል። ምንም አልተሰማቸውም! በዚያ ጠባብ ጫማ፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ ምንም።

«አባባ፣ በምንድን ነው የታጠቡት?»

«በጨው ውሃ። ዘፍዝፌ ዘፍዝፌ በድንጋይ ፈገፈግኩት።»

«የፈላ ውሃ?»

«ኧረ ለብ ያለ ነው። እጄን ነክሬ አይቼዋለሁ።»

እጃቸው! ሲሚንቶና ድንጋይ ያደነደነው እጅ፣ የጋለ ድስት ያለ ጨርቅ የሚያወርድ እጅ። ኋላ እህቴ እንደነገረችኝ የውሃው እንፋሎት ይትጎለጎል ነበር፤ «ቀዝቃዛ ልጨምርበት» ብትላቸው «ተዪው፣ በደንብ እንዲያጸዳ ነው» ብለዋታል።

ጮህኩባቸዋ። «የፈላ ውሃ! እንዴት በእጅ ይለካል? ሕፃን ነዎት እንዴ?» ሳልል አልቀረሁም። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ታካሚዬ አንገቷን አስገባች።

«ያ አባኮ፣ ወይኔ አባቴ!» አለች እግራቸውን ስታይ፣ «ውሃ በክርን ነው እንጂ የሚለካው! እኛን በየቀጠሮው ትነግረን የለ እንዴ? እርስዎን ልጅዎ አልነገረችዎትም?»

አልነገርኳቸውም። ስምንት ወር ሙሉ ያልኩት «ያውልቁ፣ ያሳዩኝ» ብቻ ነው። ለባዳው ሁሉ ቁጭ ብዬ፣ እየደጋገምኩ፣ በለሰለሰ አንደበት አስረዳለሁ፤ ለአባቴ ግን ቁጣ።

«ነግራኛለች» አሉ አባቴ ለሴትየዋ፤ «እኔ ነኝ የረሳሁት።» ወደ እኔ አላዩም።

ያንኑ ዕለት ሆስፒታል አስተኛኋቸው። ቁስሉ አመረቀዘ። እግሩ ይተርፍ ይሆን አይተርፍ ይሆን እያልን ከረምን፤ በመጨረሻ በሁለት ጣት መቆረጥ ተገላገልን። «ዕድለኞች ናችሁ» አሉን ሐኪሞቹ። እኔ ግን በራሴ እርር ብዬ ነበር፤ ከዚያ በፊት በእሳቸው የተናደድኩት ሁሉ ተደምሮ ያን ያህል አይሆንም።

ቤት በገቡ በመጀመሪያው እሁድ ቡራዩ ሄጄ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና እንደ ማንኛውም ታካሚ አስረዳኋቸው። ውሃ በክርን ይለካል። መዘፍዘፍ የለም። በጣቶቹ መሃል በፎጣ ይደርቃል። ጫማ ከመደረጉ በፊት ተገልብጦ ይራገፋል። መርገጫው በመስታወት ይታያል። አልጮህኩም። እሳቸውም አላቋረጡኝም፤ አንዴ ብቻ «መስታወቱ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው?» ብለው ጠየቁ። አዎ አልኳቸው።

ስጨርስ ቀና ብለው አዩኝ።

«ለሰው ሁሉ እንዲህ ነው የምታስረጂው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ጥሩ ታስረጂያለሽ» አሉ። «ታዲያ እኔ ላይ ለምን ስትጮኺ ከረምሽ?»