ኮረብታው ላይ የተከልኩት ሳጥን

ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ስሠራ፣ አገሩ የሚገባ አንድ አርመን ያረጀ፣ ሳጥን የሚያህል ፎቶግራፍ ማንሻውን ትቶልኝ ሄደ። እሁድ እሁድ ያገኘሁትን ሁሉ ማንሳት ያዝኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው፣ አናቱ ላይ አንድ ዋርካ ብቻ የቆመበት ኮረብታ ግን ልቤን አላስቀምጥ አለኝ።

አንድ ቀን ወጣሁ። ሳጥኑን በሦስት እግሩ ተክዬ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ ዋርካውን ሳነጣጥር ኮቴ ሰማሁ። ጨርቁን ስገልጥ ጦር የያዙ ገበሬዎች ከበውኛል።

"መሬታችንን ልትለካ ነው የመጣኸው?" አሉኝ ሸበቶው መሪያቸው፣ ኦቦ ቱፋ።

"ኧረ አባቴ፣ ዛፉን ፎቶ ላነሳ ነው።"

"ዛፉ ምን ያደርግልሃል?"

ለካስ ባለፈው በጋ አንድ ቀላድ ጣይ መሬት ሊለካ መጥቶ፣ እዚሁ ቆሞ እንደኔው በአንድ ዓይኑ ሲያማትር አይተውታል።

"እሱስ የት ደረሰ?" ብል አንዱ ጦሩን ወደ ደረቴ አስጠጋ።

ቦርሳዬን በረበሩ። የመለኪያ ገመድ ሲያጡ ኦቦ ቱፋ ሰዎቹን ወደ ታች ሰደዱና ሁለታችን ብቻ ቀረን። ዙሪያውን ገላምጠው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሲከቱ፣ ጩቤ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ የተጠቀለለ የቀላድ ገመድ ይዘዋል።

"ያኛው ሲሸሽ ጥሎት ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። "እነሱ ሳይመለሱ ቶሎ ለካ፣ ልጄ። ዋርካው ወደ እኔ ድንበር ይግባ።"