ከአባቴ ላንድሮቨር ስር ተኝቼ የሰማሁት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ጂንካ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ከአባቴ አሮጌ ላንድሮቨር ስር በጀርባዬ ተንጋልያለሁ።

አባታችን ካረፈ ወዲህ ይህች እንግሊዝ ሰራሽ መኪና ቆማ ነው የከረመችው። ታላቅ ወንድሜ «ሞተሯ አልቋል፣ ትሸጥ» ይላል። እኔ ደግሞ አስነስቻት ከካኮ ገበያ ሙዝና ቡና ላመላልስባት ቆርጫለሁ። ያን ቀን ገዢ ሊመጣ ነው። «ሰውየው ሳይደርስ ዘይቷን ቀይሬ ካስነሳኋት አትሸጥም» አልኩት።

«አንቺ እኮ አስተማሪ ነሽ!» ብሎ ሳቀብኝና ገዢውን ሊቀበል ወጣ።

የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን አልፈታ አለኝ። መፍቻው ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት... ተላቀቀ! ጥቁሩ ዘይት ግን ሳፋውን ትቶ በእጅጌዬ ገብቶ ብብቴ ደረሰ። ይሁን። የዘይት ማጣሪያ ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ፣ ከጎረቤት በተዋስኩት ባትሪ አስነሳኋት። እልል ልል ስል ዘይቱ ከፊልትሮው ስር ይንዠቀዠቃል። ለካ የድሮውን የጎማ ቀለበት ሳላወጣ አዲሱን በላዩ ደርቤበታለሁ። አጥፍቻት ተመልሼ ከስር ገባሁ።

ፊልትሮውን ስፈታ ዘይቱ ፊቴ ላይ ይንጠባጠባል፤ አፌን ግጥም አድርጌ ዘግቻለሁ። ይሄኔ ወንድሜና ገዢው መጡ። ወንድሜ ሊብሬውን ሊያመጣ ቤት ሲገባ ሰውየው አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ከእኔ የሚታየው የአባቴ ቱታና ቦት ጫማ ብቻ ነው።

«መካኒኩ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስትነሳ ከመንገድ ሰምቻታለሁ። ሞተሯ ጤነኛ ነው።»

«እምም» አልኩ። አፌን ብከፍት ዘይት መጠጣቴ ነው።

«ለባለመኪናው ግን ሞቷል በለው። እንዲህ ያለ ሞተር አሁን ከየት ይገኛል? በርካሽ ካስወጣህልኝ አንተንም አልረሳህም።»

አንገቴን ወደ ጎን አዞርኩ። ከሰውየው ጫማ ጀርባ የወንድሜ ነጠላ ጫማ መጥቶ ቆሟል። ሰውየው አላየውም።

ተንሸራትቼ ወጣሁ። ፊቴ ላይ ነጭ የቀረው ዓይኔ ብቻ ነው። «አሁን ያልከኝን ለወንድሜ ራስህ ንገረው» አልኩት።

እኔን አየ፣ ዞሮ ወንድሜን አየ... «ያው... አሮጌ ናት ለማለት ነው» ብሎ ተነሳ። ከግቢው እንዴት እንደወጣ እንጃ።

እኔ ሥራዬን አልጨረስኩም። ተመልሼ ገብቼ የተጣበቀውን ቀለበት በካቻቢቴ ፈልቅቄ አወጣሁት፤ ፊልትሮውን መልሼ አሰርኩ፣ የቀረኝን ዘይት ሞላሁ። ወንድሜ ሊብሬውን ኪሱ ከቶ ራሱ አስነሳት። ጎንበስ ብዬ ከስሯ አየሁ... ጠብታ የለም።

«ለካኮ ገበያ በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያይ።

ስንት ጊዜ ለምኜ ያላሳመንኩትን ወንድሜን፣ ሊያታልለን የመጣ ሰው በአንድ አፍታ አሳመነልኝ።