ጥቁር ቀለም የለበሰው የመሪ ክንድ

ሰፈሩ «ሐር እጅ» ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ደጋግሞ ከማውራቱ ብዛት ሰዉ ሳይወድ ለመደው። በያጅ ነው። የብየዳ መስመሩ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነባብሮ ይሄዳል። ውስጡን ግን ለቄስ።

ሚስቱ የምታውቀው አንድ ነገር አለ፦ ባሏ የሚቀባው የሚፈራውን ነው። በደንብ የያዘለትን ብየዳ ሰው እንዲያይለት ራቁቱን ይተወዋል። ያልያዘለትን ጥቁር ቀለም ያለብሰዋል። ቤታቸው ውስጥ ጥቁር ወንበር አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም። ጥቁር የመስኮት ፍርግርግ አለ፤ ፎጣ እንኳ አይሰቀልበትም። እንግዳ ሲመጣ «ከሱ ይነሡ፣ እዚህ ይሻልዎታል» ማለት ለምዳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው ወንድሟ የተሰነጠቀ ብረት በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። የመሪ ክንድ ነው። ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር ጎማውን ገፍቶ የሚያዞረው እሱ ነው፤ ከተቆረጠ መሪው እጅ ላይ ይቀራል፣ መኪናው ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

«አዲሱ እስኪመጣ ብቻ ነው። ነገ ጭነት ይዤ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ» አለ።

«በኔ ብየዳ እንኳን ቁልቁለቱን ገደሉንም ትወርዳለህ» አለ ሐር እጅ።

«ገደሉ ይቅርበት» አለች ሚስቱ።

ይህ ብረት ለምን እንደ በርና መስኮት ብረት እንደማይበየድ ማወቅ በጣም ደስ ይላል። ተራ ብረት ይቅር ባይ ነው፤ ቢያበላሹትም ይችላል። የመሪ ክንድ ግን የሚሠራው ከቅይጥ ብረት ነው። እንዲጠነክር ሌሎች ማዕድናት ተጨምረውበታል፤ ብየዳ ላይ የሚያስቸግረውም ያው ጥንካሬው ነው። ሳይሞቅ ተበይዶ በድንገት ከበረደ፣ ከመስመሩ አጠገብ ያለው ክፍል እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ በደንብ ይሞቃል፤ ካለቀ በኋላም ደረቅ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ እያለ ይበርዳል። ቀልጦ ስንጥቁን የሚሞላው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱም፣ በምድጃ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ ከሆነ ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን የቀለጠው ብረት ውስጥ ገብቶ ይታሰራል። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ይህ እስረኛ ወዲያው አለመናገሩ ነው። ብረቱ በርዶ፣ ተወልውሎ፣ ተሞግሶ፣ ማንም ሳይነካው በማግስቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሐር እጅ ይህን ሁሉ ሰምቷል። «ብረት ትኩሳት የሚለካለት ታሞ ነው?» ይላል። ኤሌክትሮዶቹን ያነሣው ከልብስ ማጠቢያው ሥር ነው። ብረቱን እንደ ቀዘቀዘ በየደውና ገና ቀይ ሳለ ባልዲ ውስጥ ነከረው። ውሃው ቸስ ሲል፣ እንደ ተጨበጨበለት ዘፋኝ ዞር ብሎ ሚስቱን አየ።

«ቸኮልክ» አለችው።

«ሥራ የሚያውቅ ሰው አይንቀረፈፍም።»

«የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል።»

«እኔን ነው ጅብ የምትይኝ?»

«ጅብ እንኳ ሰው በማያየው ሰዓት ነው የሚቸኩለው።»

በማግስቱ ጠዋት የሥራ ቤቱን ስትጠርግ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር «ቀጭ» አለ። ዞር ስትል ብረቱ ብቻውን ተጋድሟል። አይጥ መሰላትና መጥረጓን ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ ባሏ ገባ፤ ክንዱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ሞረድ አነሣ። ቆሻሻውን ደፍታ ስትመለስ ብረቱ ጥቁር ቀለም ለብሶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«ለምን ቀባኸው?»

«ዝገት እንዳይበላው።»

«ትናንት የተበየደ ዛሬ ይዝጋል?»

«አማቼ አይደለም እንዴ? አሳምሬ ልስጠው ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ የጠዋቱ ድምፅ ትዝ አላት። ስንጥቁን አይቶታል። የሰው ወንድም ገደል ከመግባቱ ይልቅ ያ ለራሱ ያወጣው ቅጽል ስም መቅረቱ ከብዶታል። እንዲህ ያለውን ሰው ፈሪ ማለት ፈሪዎችን መስደብ ነው።

ወንድሟ መፍቻውን ይዞ መጣ። «እጅህ ይባረክ አማቼ፣ ምን የመሰለ ሆኗል» ብሎ እጁን ሲዘረጋ እህቱ ቀድማ ብረቱን አነሣችው።

«አንተ፣ እኛ ቤት ጥቁሩ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

ሳቀ። «አንዴ ተቀምጬ ወገቤ እስካሁን ያመኛል።»

«እንግዲያውስ ይኼንንም ያው ሰው ነው የቀባው።»

ሳቁ ቆመ። ክንዱን ተቀብሏት ከራሱ በላይ አንሥቶ ሲሚንቶው ላይ ጣለው። ብረቱ ብየዳው አጠገብ ለሁለት ተሰበረ። ወንድሟ ቁራጩን አንሥቶ የተሰበረበትን ፊት አየው። እኩሌታው አዲስ ብረት ሆኖ ያበራል፤ እኩሌታው በስንጥቁ በሰረገ ቀለም ጥቁር ነው። ቀለሙ ገና ያልደረቀ ስለነበር ጣቱን አጠቆረው።

«እስከ ውስጡ ነው የቀባኸው አማቼ» አለ። «እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም።»

ሐር እጅ ብረቱ ድሮውንም ጉድለት እንደነበረበት፣ ፋብሪካው እንደሚያታልል፣ የዘንድሮ ኤሌክትሮድም የድሮው እንዳልሆነ ማስረዳት ጀመረ። ወንድሟ ለጭነቱ ባለቤት ደውሎ አዲሱ ክንድ እስኪመጣ እንደማይንቀሳቀስ ነገረው። እሷ ደግሞ ወደ ቤት ገብታ ጥቁሩን ወንበር እየጎተተች አመጣችና ባሏ ፊት አቆመችው።

«ወሬው ረጅም ነው መሰለኝ» አለችው። «ተቀምጠህ ንገረን።»

ወንበሩን አየው። ወሬውን ቆሞ ጨረሰ።