ኬላው ላይ የፈሰሰው ቤንዚን

ልጅ እያለሁ የቤንዚን ሽታ ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ አወቱ መንደራ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ያችን ሸራ የለበሰች አሮጌ መኪናውን ሲያቆም ሮጬ ጋቢና እገባና ከቡና አቧራ ጋር የተቀላቀለውን ሽታ እስበው ነበር። ከአንድ ክረምት ወዲህ ግን ያው ሽታ ሲመጣ ፈጥኜ መስኮት እከፍታለሁ።

ደርግ ወጣቱን ለውትድርና የሚያፍስበት ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሙስጠፋ እናቴ አልጋ ስር ከገባ ሰንብቷል። ቤት ለቤት ፍተሻ ሲጀመር አባቴ ሊሙ ያለው አጎታችን ዘንድ ሊያሸሸው ቆረጠ። ከኋላ አስተኝቶ ባዶ የቡና ጆንያ ከመረበት። እኔን ጋቢና ያስቀመጠኝ ሴት ልጁን ይዞ የሚሄድ አባት ብዙም አይጠረጠርም ብሎ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ዱዓ ስታደርግ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ከከተማው መውጫ ኬላው ሲታየን ሽታው ከወትሮው በረታ። አባቴም አውቆታል፤ ግን እንዴት ይመለስ? ወታደሮቹ አይተውናል። «ጀባዹ» አለኝ፣ በርቺ ማለቱ ነው። ከዚያ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ኬላው ነዳ።

አንድ ወታደር ሲጋራውን እያጨሰ ቀረበን። «ምን ጭነሃል?»

«ባዶ ጆንያ ነው ጌታዬ።»

«ውረድና ሸራውን ግለጥ!»

አባቴ ሲወርድ ከኋላ የታፈነ ሳል ሰማሁ። ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ እኔም አብዝቼ ሳልኩ፤ ሳሉ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ያኔ አባቴ ጎንበስ ብሎ ከመኪናዋ ስር አየና «ሲጋራዎን ጌታዬ! ቤንዚን እየፈሰሰ ነው፣ ማለቃችን ነው!» ብሎ ጮኸ።

ወታደሩ ሲጋራውን ዝናብ ወዳቆረው ቦይ ወርውሮ አፈገፈገ። «ሞተር እንዳታስነሳ! ኑ ግፉለት፣ ከዚህ ይጥፋልን!» ጓደኞቹ መጥተው መኪናዋን ከኬላው አሻግረው እስከ ቁልቁለቱ ገፉልን። ወንድሜን ለማፈስ የቆሙት ሰዎች እጃቸውን እሱ በተኛበት በኩል አሳርፈው ነበር የሚገፉት። አባቴ ገብቶ መሪውን ያዘና ሞተር ሳያስነሳ ቁልቁል አንሸራተታት፤ ትንፋሼን የለቀቅኩት ኬላውን የሚሰውረውን የመንገዱን ጥምዝዝ ካለፍን በኋላ ነው።

አባቴ መጀመሪያ ሙስጠፋን ጎትቶ አወጣው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ትነቱ አዙሮት መንገድ ዳር አስመለሰው። ከዚያ አባቴ መኪናዋ ስር ገባ። ነዳጅ የሚያስተላልፈው የጎማ ቱቦ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀውን በቢላ ቆርጦ መልሶ ሰካውና በሽቦ አሰረው፤ በላዩ ሳሙና ለቅልቆ ከጎማ ውስጥ በወጣ አሮጌ የከመነዳሪ ላስቲክ ጠመጠመው። መኪና በመጣ ቁጥር ሦስታችንም እንደነግጣለን። ሲጨርስ «አላህ ሊያድን ሲል ምክንያት አያጣም» አለና ተቀምጦ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሙስጠፋ ደርግ እስኪወድቅ ቡናው መሃል ኖረ። እዚያው አገባ፣ ወለደ፣ እዚያው ሸበተ። ዛሬ አጎታቸውን ልንጠይቅ አብረን ስንሄድ ልጆቼ መስኮቱን ከፍተው፣ ሙዚቃውን ለቀው እየሳቁ ነው በዚያ የሚያልፉት። ኬላም ወታደርም የለም። ሳቃቸው ደስ ይለኛል፣ እንዲቀንሱም አልነግራቸውም። እኔ ግን እዚያ ስንደርስ ሳላስበው ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ጥምዝዙን እስክናልፍ ድረስ።