አክስቴ ለራሳቸው ያልተቀበሉት ምክር

ሀዋሳ ባህል አዳራሽ አጠገብ ባለው ቤታችን፣ የወር አበባቸው ቆሞ ድንገተኛ ሙቀት ያስቸገራቸው ሴቶች ከቀበሌ ስብሰባ መልስ ወደ አክስቴ ጎራ ይሉ ነበር። እሳቸውም ጤና አዳም አፍልተው ያጠጧቸዋል፤ ጀርባቸውን ያሹላቸዋል። ሁልጊዜ ግን፣ «ደሙ ከተመለሰ እኔ ጋ እንዳትመጪ፤ ሐኪም ቤት ሂጂ» ይላሉ።

የራሳቸው ደም ሲመለስ ግን ለማንም አልተናገሩም። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ልብሳቸውን ሳጥብ አወቅሁ።

«እትዬ፣ ለምን ደበቁኝ?»

«ባለመድኃኒቷ ሐኪም ቤት ተሰልፌ ቢያዩኝ መሳቂያ አልሆንም?» ብለው ራሳቸው ሳቁ።

ሐኪም ቤት ስወስዳቸው ሐኪሙ የማህፀን ካንሰር ነው፣ የሚታከምበት ጊዜ አልፏል አለን።

እሳቸውን እናት አድርጎ ስለሰጠኝ አምላኬን አመሰግናለሁ። አሁንም ሴቶች በሩን ያንኳኳሉ። የአክስቴን ማረፍ ነግሬ አስገባቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የማደርግላቸውን አላውቅም።