የአባቴ ናይለን ሸሚዝ

ዛሬ ጎረቤቴ ፌስታል ሲያቃጥል ሽታው የአባቴን ሸሚዝ አስታወሰኝ።

አባቴ አዳማ ጥጥ መዳመጫ ውስጥ ተሸካሚ ነበር። የተሸካሚዎች ካቦ ለመሆን አለቃው ፊት ሊቀርብ ሲል ናይለን ሸሚዝ ገዛ። «ጥጥ ተሸክሜ ጥጥ ለብሼ፣ ማን ካቦ ያደርገኛል?» ይል ነበር። በቀጠሮው ጠዋት እሱ ጓሮ ሲላጭ፣ ሸሚዝ ሳይተኮስ አይለበስም ብዬ የከሰል ካውያ አሳረፍኩበት። ጀርባው ቀልጦ ካውያው ላይ ተጣበቀ።

እናቴ ካውያውን ነጠቀችኝ። አባቴ ሲገባ፣ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አለችው።

ሸሚዙን አንስቶ የቀለጠውን ጀርባ አየ። «ይሁን፤ እነሱ የሚያውቁት ጀርባዬን ነው» አለና የሥራ ልብሱን ለብሶ ሄደ።

ካቦ አላደረጉትም። ዕድሜውን ሙሉ እናቴን በዚያ ሸሚዝ ሲወቅሳት ኖረ፤ እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ። አሁን ሁለቱም የሉም። ለማን ልናገር?